የቤት አገልጋይ ፍለጋ

ወንድሜ የወጣለት ስም አለው፤ ነገር ግን እናታችን ካልተቆጣች በቀር የሚጠራበት የለም። ሰፈሩ፣ ደንበኞቹ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ እኔም ራሴ «ቆይ» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሻይ ልቅዳልህ ሲሉት «ቆይ» ይላል። በር ተንኳኳ፣ ክፈት ሲሉት «ቆይ» ይላል። ቤቱ ተቃጠለ ቢሉት እንኳ መጀመሪያ «ቆይ» ብሎ፣ እሳቱ በየት በኩል እንደጀመረ ጠይቆ፣ ውኃ ይሻላል ወይስ አሸዋ የሚለውን አመዛዝኖ ነው የሚነሳው። ለወንዱም ለሴቱም፣ ለትልቁም ለትንሹም ያቺው አንዲት ቃል ናት። ለእናቱ «ቆዪ» አይልም፣ ለእንግዳ «ይቆዩ» አይልም፤ ሳያስበው እንደ ማስነጠስ ፈንጠር ብላ የምትወጣ «ቆይ» ብቻ።

የሚያስቀው ደግሞ ሰውዬው የቃላት ሰው መሆኑ ነው። በፊት በነበረበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ ይተረጉም ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ለሴት ሲሆን በሴት፣ ለወንድ ሲሆን በወንድ፣ ማንነቱ ለማይታወቅ ሰው ሲሆን በአክብሮት መሆን አለበት ብሎ ከአለቃው ጋር ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። «ማሽን ማንንም አንተ ማለት የለበትም፤ አብረው ከብት አልጠበቁ» ይል ነበር። ለማሽን ይህን ሁሉ ሥነ ሥርዓት አስተምሮ፣ ራሱ ግን ሰውን ሁሉ በአንድ ቃል ያግዳል።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ የስፌት መኪናዬን በትከሻው ተሸክሞ እዚህ ቤት ያስገባት ቆይ ነው። የራሱን ክፍል ለእኔ ለቅቆ እሱ አልጋውን ሳሎን ዘረጋ። ያን ቀን አንድም ጊዜ «ቆይ» አላለም። ስለዚህ አሁን ሳማው ከልቤ እንዳይመስላችሁ፤ ደግሞም ከልቤ ነው።

ባለመነጽሯ ከምንላት ልጅ ጋር ያገናኘውም ይኸው ጠባዩ ነው። ዓይኑ ደከመና ዋናው መንገድ ላይ ያለው መነጽር ቤት ሄደ። ዓይን የምትመረምረው ልጅ አገጩን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ መስታወት እየቀያየረች «የቱ ይሻላል፣ ይሄኛው ወይስ ያኛው?» ትለዋለች። «ቆይ» ይላል። መልሳ ታሳየዋለች። «ቆይ፣ የመጀመሪያውን እንደገና» ይላል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ፣ በመጨረሻ አንድ በአንድ ተበተነ። ልጅቷ ቢቸግራት «ጌታዬ፣ እነዚህ ሁለቱ እኮ አንድ ናቸው፤ ልፈትንዎት ብዬ ነው» አለችው። «ገብቶኛል፤ ግን አንዱ ትንሽ ይሻላል» አላት። ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብረው ናቸው። ስንት ዓመት እንደሆነ አልናገርም፤ ከተናገርኩ እሰድበዋለሁ። እሷ ግን ቤታችን ስትመጣ እናታችን ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው ትራስ የምታቀብለው፤ እኔም አልቀናሁም፣ እንዲያውም ከእህት በላይ ለምጃታለሁ።

ቆይ ሥራውን ለቅቆ ቤት ከገባ በኋላ ድረ ገጽ መሥራት ጀመረ፤ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለአናጺው፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱ። ድረ ገጹ ለሰው ከመታየቱ በፊት ቤት ውስጥ የሚሞከርበት፣ ቀንም ሌትም የማይጠፋ አንድ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል አለ። ሌላው ሰው ይህን «ሰርቨር» ብሎት ይገላገላል። ቆይ ግን ተርጓሚ ነበርና «አገልጋይ» ይለዋል፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ ደግሞ «የቤት አገልጋይ»።

«ይህን ነገር ሰው ፊት እንዳትናገረው» አልኩት።

«ቃሉ እኮ ትክክል ነው እትዬ» አለኝ።

ትክክል መሆኑ ነው በኋላ ጉድ ያፈላው።

ማሽኑን ያገኘው ከተዘጋ ማተሚያ ቤት ነው። አንድ ሐሙስ የቀረው፣ ጎኑ የተላጠ፣ ሲነሳ የሚያቃስት ሳጥን። ቴሌቪዥኑን ከቦታው አፈናቅሎ እሱን አስቀመጠ። ሆዱን ከፍቶ አቧራውን በእኔ የልብስ ብሩሽ ጠረገው፤ ብሩሹን እስከ ዛሬ ለልብስ አልተጠቀምኩበትም። ገመዱን በኮሪደሩ ላይ ስለዘረጋው እናታችን ባለፈች ቁጥር ቀሚሷን ሰብስባ ትሻገረዋለች። እሷ ነገሩን «ሳጥኑ» ነው የምትለው። አገልጋይ መባሉን አልሰማችም፣ ማንም አልነገራትም። ኮምፒውተርን የምታውቀው በቆይ ላፕቶፕ ካርታ በመጫወት ብቻ ነው፤ በዚያ ግን የሚደርስባት የለም።

እንግዲህ ሳጥን ብቻውን ሳጥን ነው። ውስጡ ገብቶ የሚያዝዘው ነገር ይፈልጋል፤ ሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚለው ማለት ነው። ቆይ «ሥርዓተ ክወና» ይለዋል። መጀመሪያ ቀን «ዛሬ ሥርዓተ ክወና ልመርጥ ነው» ሲል እናታችን ብድግ ብላ ጥቁር ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። «ማን ሞተ?» አለች። እሷ ከሥርዓተ ቀብር በቀር ሌላ ሥርዓት አታውቅም።

ዊንዶውስን ወዲያው ተወው፤ ላፕቶፔ ላይ ይበቃኛል አለ። ድረ ገጾቹ ተሠርተው ሲያልቁ በኪራይ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነውና ቤት ውስጥ የሚሞከሩበትም ያው ይሁን አለ። ብልህ ነገር ነው፤ እኔም ልብስ የምለካው በሚለብሰው ሰው ላይ ነው። ተገላገልን ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ሊኑክስ አንድ አይደለም! ዘር ማንዘሩ የበዛ ቤተሰብ ነው፤ እህትማማቾቹ ተቆጥረው አያልቁም። ቆይ ደግሞ ስለ ማሽን ሲያወራ «እሷ» ማለት ይወዳልና ሳሎናችን የሚዜዎች ስብሰባ መሰለ። ኡቡንቱ ተግባቢ ናት፣ የሚያውቃት ሰው ብዙ ነው፣ ብትቸገር የሚረዳህ አታጣም። ፌዶራ አዲስ ነገር ትወዳለች። ደቢያን ረጋ ያለች ናት፤ ፋሽን ዘግይቶ ነው የሚደርሳት፣ ግን አንዴ ካስቀመጧት አትነቃነቅም። ፍሪቢኤስዲ የምትባል ደግሞ አለች፤ ከእነሱ ቤት እንኳ አይደለችም፣ ግን ጨዋ ናት ይሏታል። እያንዳንዷን በፍላሽ እያመጣ፣ ሳይጭን፣ እንዲያው ከፍቶ እያየ ይዘጋታል። መቅመስ እንጂ መጉረስ የለም።

«ድረ ገጾችህ የሚቀመጡበት የኪራዩ ኮምፒውተር የሚሠራው በየትኛዋ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«በደቢያን።»

«ታዲያ ደቢያንን አትጭናትም?»

«ቆይ።»

ተረት ተማዘዝን። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለኝ። «አንተ ምን ቀድተህ ነው የሚፈስብህ?» አልኩት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። «ያንተ እንቁላል እግር ሳያወጣ ሸተተ» አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ ሁለቱን አብሬ ብጭንስ አለና «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» አለኝ። «አንዱንስ መቼ ተከልክና?» ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እሱም ቢሆን ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚጫኑ ሲያነብ ሰነበተና ተወው።

በመጨረሻ ደቢያንን በፍላሽ ሰክቶ መጫን ጀመረ። ጀመረ ማለት እንግዲህ ጀመረ ነው። ማሽኑ በአማርኛ ስሙን ይጠይቀዋል፤ ይመልሳል። የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል፤ ይመልሳል። ከዚያ አንዲት ገጽ ትመጣለች፤ «በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መቀጠል ይፈልጋሉ?» ከሥሯ «አዎ» እና «አይ»። እዚህች ላይ ሲደርስ ቆይ ይነሳል። ውኃ ይጠማዋል። ጥፍሩን መቁረጥ ያሰኘዋል። ተመልሶ ይመጣና «አይ» ብሎ ይዘጋዋል። በማግስቱ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። ማተሚያ ቤቱ ያተማቸው የሠርግ ጥሪ ካርዶች ናቸው! አንዱንም ሙሽራ አያውቀውም። «ምናልባት አንድ ቀን የሚፈልጋቸው ሰው ይኖራል» አለኝ። ለማያውቃቸው ሰዎች ሠርግ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ለራሱ ግን ቀን ቆርጦ አያውቅም። ይህን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ ባለመነጽሯ ከሰዓት በኋላ መጣች። እናታችን ጎረቤት ሄዳለች። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሱሪ እያሳጠርኩ ነው፣ በሩ ክፍት ነው።

«አሠሪዬ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። ሂጂና አንቺ ምሪው ብሎኛል። ሰኞ መልስ እሰጠዋለሁ» አለችው።

«ጥሩ ነው እኮ» አለ ቆይ።

«ጥሩ ነው። ግን ከሄድኩ በዚያው ነኝ፤ መመላለስ የለም። አንተ ምን ትላለህ?»

እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳሁ። መኪናዬ ዝም አለች።

«ቆይ፣ አገልጋዩን ላቁምና ረጋ ብለን እንነጋገራለን» አላት።

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«ሥርዓተ ክወናውን እንደመረጥኩ።»

ሳጥኑን አየችው። ክፉኛ አየችው፤ ጣውንት እንኳ እንዲህ አትታይም። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በበሬ ስታልፍ ሁልጊዜ ጉንጬን ትስመኝ ነበር፤ ያን ቀን አልሳመችኝም።

መቀሴን እንደያዝኩ ሳሎን ገባሁ። «አንተ ሰው ነህ?» አልኩት። «ሳጥን ሰበብ ታደርጋለህ? እንዳያልቅብህ ብለህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የምትጎትተው!»

የፍላሹን ክዳን ከፍቶ ገጠመ። ከዚያ ቀና ሳይል «አባዬ በአንድ ጠዋት ወስኖ ነው የሄደው» አለኝ። «እኔ እንደሱ እንዳልሆን ነው።»

እውነቱን ነው። አባታችን ሁሉን ነገር በአንድ ትንፋሽ የሚወስን ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ፊቱን ታጠበ፣ ሥራዬን ለቅቄያለሁ አለ፣ ሻንጣውን አንስቶ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ቆይ ያን ጊዜ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ እስከ ማታ ከዚያ አልተነቃነቀም። ሆዴ ባባ። ቁጣዬ ግን አልበረደም።

«እሱ ወስኖ ጥሎን ሄደ። አንተ ሳትወስን ልትጥላት ነው። ለምትጣለው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኩት። «ቆይ» እንኳ አላለም።

በማግስቱ የልጅቷን የሥራ ነገር ለእናታችን ነግሬ፣ የተሰፋ ልብስ ላደርስ ወጥቼ ሳለሁ እሷ ክፍሏ ጋደም ብላለች። ቆይ ሳሎን ሆኖ ከድሮ የሥራ ባልደረባው ጋር በስልክ ያወራል። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ኮምፖርሳቶ ነው፤ ማዛጋት እንኳ ያሳልፋል። እናታችን የሰማችው እንዲህ የሚል ነው።

«የቤት አገልጋይ እንድትሆነኝ ነው እንጂ ሌላ ምን አደርጋታለሁ? … መልክ አያስፈልጋትም። እንዲያውም ፊት ባይኖራት ነው የሚሻለው፤ ጥግ ላይ ነው የማስቀምጣት፣ ማን ያያታል? … በትንሽ የምትኖር ትሁንልኝ፤ ብዙ የምትበላዋን አልችላትም። … ቀንም ሌትም መሥራት አለባት እንጂ! … አይ፣ ካስቸገረችኝማ አራግፌ ሌላ አመጣለሁ።»

እናቴ ስትናደድ አትጮህም፤ ዝም ነው የምትለው። ያን ቀን ማታ ዝም አለች። ቅዳሜ ጠዋት «የመነጽሬ እግር ላልቷል» አለችና ወጣች። እኔም የመነጽር እግር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ስትመለስ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ክፍል ገባች፤ በሩን ዘጋችው። ዓይኗ ቀልቷል። መነጽር ቤት የሆነውን የነገረችኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው። ባለመነጽሯን ወደ ጥግ ጠርታ «ልጄ፣ ሂጂ» አለቻት። «ሌላ ከተማ ካለ ሌላ ከተማ ሂጂልኝ። የወለድኩት ነው፣ ግን ሐቅ ሐቅ ነው፤ ልጄ ሚስት አይደለም የሚፈልገው፣ የቤት አገልጋይ ነው! መልክ የሌላት፣ የማትበላ፣ የማትተኛ! ካስቸገረችኝ አራግፋታለሁ ይላል፣ እንደ ጭነት! እኔ እንዲህ ነው ያሳደግሁት?»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን ደንበኛው ሁሉ እስኪዞር ሳቀች። «እማማ፣ ሳጥኑን እኮ ነው! አገልጋይ የሚለው ሳጥኑን ነው!» አለች። እናቴም አፍራ ሳቀች፤ ሁለቱም መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። የእናቴ እንባ ቆመ፣ የልጅቷ ግን አልቆመም።

«እማማ፣ አገልጋዩ ሲያልቅ እንነጋገራለን ነው ያለኝ» አለቻት። «እሱ ደግሞ እንዲያልቅ አይፈልግም። ሰኞ እሄዳለሁ ነው የምለው። እንዳይነግሩት፤ ተለምኖ እንዲመጣልኝ አልፈልግም።»

«እንዳይነግሩት አለችኝ» አለች እናቴ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ለአንቺ ግን እንዳይነግሩ አላለችም። ሳጥኑ ሲያልቅ ነው ያላት?»

«አዎ።»

«ምን ቀረው ታዲያ?»

«'አዎ' ማለት ብቻ ነው የቀረው» አልኳት።

እናቴ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ቆይ ለዳቦ ወደ ሱቅ ወጥቶ ነበር። ማሽኑን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከዚያችው ጥያቄ ላይ አድርሶ ነው የወጣው። እኔ ክር እያስገባሁ ሳለሁ ከሳሎን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያቺ ድምፅ እናቴ ካርታ ስትጫወት የምሰማት ናት። ደግማ «ጠቅ» አለች።

ክሩን ጥዬ ሮጥኩ። እናቴ እግሩ የላላውን መነጽሯን አድርጋ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ሳጥኑ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ትሞላለች።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ጠየቀኝ፤ መለስኩለት።»

«ማን ነው የጠየቀሽ?»

«ሳጥኑ ነዋ። መቀጠል ይፈልጋሉ? አለኝ። ይፈልጋሉ ነው ያለኝ፣ በአክብሮት። በዚህ ቤት ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ? አዎ፣ እፈልጋለሁ አልኩት።»

ቆይ ዳቦውን ብብቱ ሥር ይዞ የገባው በዚህ መሃል ነው። መስመሯን አያት። ዳቦው ወደቀ።

«ማነው የነካው? እማዬ፣ ገና እኮ አልመረጥኩም!»

«እኔ መረጥኩልህ» አለችው። «ካልተመቸህ እኔን አራግፈኝ፤ ፊት የሌላት አገልጋይ ፈላጊ!»

ምን እንደምትል አልገባውም። የስልኩን ነገር ሳስረዳው መጀመሪያ ፈዘዘ፣ ቀጥሎ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ግን እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ። ገመዱን ቢነቅለው ሁሉም ነገር መሃል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ነገም እንደገና ከሀ ይጀምራል። ልጅቷ ሰኞ እሄዳለሁ ልትል እንደሆነ ልነግረው ፈለግሁ፤ የእናቴን ዓይን አይቼ ምላሴን ነከስኩ።

«ሠርጎቹ ጠፉ?» አለችው እናቴ በለሰለሰ ድምፅ።

«ጠፍተዋል።»

«ሰዎቹ እንደሆን ተጋብተዋል። ካርዱ ምን ያደርግላቸዋል?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ዳቦውን ከመሬት አንስቶ አቧራውን አራገፈና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ማሽኑ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ መለሰ። መስኮትና ሥዕል ያለው ገጽታ ይጫን ወይ አለው፤ አይ አለ። ድረ ገጽ የሚያቀርበው ክፍልስ አለው፤ አዎ አለ። አንዱም ላይ አልተነሳም፣ አንዱም ላይ ውኃ አልጠማውም። ሳጥኑ ጠፍቶ በራ፤ አቃሰተ፤ ከዚያ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ወጣና ስሙን ጠየቀው። ቆይ በላፕቶፑ የሳጥኑን አድራሻ ጻፈ። የሙከራዋ ገጽ ብቅ አለች።

«ይሠራል» አለ፤ ዘመድ የሞተበት ይመስል ነበር።

«አለቀ?» አልኩት።

«አለቀ።»

«እንግዲህ?»

«ቆ…» አለና አቆመው። እኔንም እናቴንም አየን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ የለውም፤ ራቁቱን የቆመ ያህል ነው የተሰማው መሰለኝ። ጫማውን አጠለቀ። ክሩን ሳያስር ወጣ።

እኔ የእናቴን መነጽር ከፊቷ ላይ ነጥቄ ተከተልኩት፤ ለካ እግሩን ሳታስጠብቀው ነው የመጣችው። ለወሬ ብዬ አይደለም እንዳልል፣ ለወሬ ነው። ፈርቼም ነው። ያቺ ቃል አፉ ላይ ትቀድመዋለች ብዬ።

መነጽር ቤቱ ስንደርስ ባለመነጽሯ የአንድ ሽማግሌን አገጭ ብረቱ ላይ አስደግፋ መስታወት ትቀያይራለች። ቆይ ደፉ ላይ ቆሞ ያለከልካል። አየችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«ወረፋ አለ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ የዚያችን ቃል ቅርጽ ሲይዝ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ቆዪ» አላት።

ዓይኔን ገለጥኩ። የእሷም እጅ መስታወቱን እንደያዘ ቀረ። ይህን ሁሉ ዓመት «ቆይ» ብሏታል፤ ለበሩም፣ ለሻዩም፣ ለእሳቱም የሚላትን ያቺን። ይህችኛዋን ከአፉ ሰምተናት አናውቅም።

«ምን አልክ?» አለችው።

«ቆዪ። አትሂጂ።»

«አገልጋዩስ?»

«ቆሟል።»

«በየትኛዋ?»

«እናቴ በመረጠቻት።»

ከንፈሯ ሊስቅ ዳር ዳር አለ፤ አልፈቀደችለትም። መስታወቱን አንስታ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

«ደህና አድርገህ ንገረኝ። 'ቆይ' ነው ወይስ 'ቆዪ' ነው ያልከኝ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን ከብረቱ ላይ ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ሁለተኛው ይሻላል» አሉ።

ማናችንም አልሳቅንም። ቆይ ራሱን ነቀነቀ። «በሴት ነው» አላት። «ላንቺ ነው።»

«ሰኞ አልሄድም ነው የምለው» አለች ባለመነጽሯ። መስታወቱን ቦታው መለሰች፣ ወንበሯን ሳበች፣ ተቀመጠች።